«ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ነው» ከተባለ በኋላ



አጎቴ ሽንታቸው ላይ ደም ያዩ ቀን መጀመሪያ የሄዱት ሐኪም ዘንድ ሳይሆን መስጂድ ነው። የሰፈራችንን ሸኽ ለብቻቸው አግኝተው፣ ስለ ሌላ ሰው የሚጠይቁ አስመስለው፣ «እንዲህ ያለ ሰው ውዱኡ እንዴት ይሆናል?» አሉ። ሸኹ የውዱኡን ሁክም ነገሯቸውና «ሰውየው ግን ቶሎ ይታከም» ብለው ጨመሩ። አጎቴ የመጀመሪያውን ያዙ፤ ሁለተኛውን ተዉት። ደሙ በማግስቱ ቆመ፤ ሕመምም አልነበረውም። «አላህ አሻረኝ» ብለው ዝም አሉ። ስምንት ወር አለፈ።

ደሙ ሲመለስ እኛም ሰማን። ቤተሰቡ አዋጣ፤ የጀመዓችን ልጆችም ረዱኝ፤ አጎቴ በአንድ የግል ማዕከል ሲቲ ስካን ተነሡ። ውጤቱ «በሽንት ፊኛ ላይ ጉልህ እብጠት አልታየም» ይላል። ወረቀቱን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። «ነጻ ነዎት» ያልኳቸውም እኔ ነኝ። ከአራት ወር በኋላ ደሙ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። በሌላ ሆስፒታል ሐኪሙ በሽንት መውጫው በኩል ቀጭን ካሜራ አስገብቶ ሲያይ ካንሰሩ እዚያው የፊኛው ግድግዳ ላይ ተቀምጧል።

ይህን የምጽፈው ማሽኑን ለመውቀስ አይደለም። ስሕተቱ ማሽኑ ያላለውን ያልኩት የእኔ ነው። ብዙዎቻችን በየቤታችን የሐኪም ወረቀት አንባቢዎች ነን። የምናነበውን ካላወቅን ግን ቤተሰባችንን በሐሰት እናረጋጋለን።

ሲቲ ስካን ለዚህ በሽታ ትልቅ መሣሪያ ነው። ለሽንት መስመር ተብሎ በሥርዓት ሲነሣ ሥዕሉ በየደረጃው ይወሰዳል፤ መጀመሪያ ያለ መድኃኒት፣ ቀጥሎ ኮንትራስት የሚባለው ፈሳሽ በደም ሥር ተሰጥቶ ኩላሊት ሲደርስ፣ በመጨረሻም ጥቂት ደቂቃ ተጠብቆ ፈሳሹ ከሽንት ጋር ወደ ፊኛ ሲወርድ። እብጠት ካለ ነጩ ፈሳሽ መሐል እንደ ጉድለት ይታያል። ከኩላሊት እስከ ፊኛ ያለውን መስመር በአንድ ጊዜ ያሳያል፤ ካንሰሩ ወደ ንፍፊት፣ ወደ ጉበት ወይም ወደ ሳንባ ተሠራጭቶ እንደሆነም ለማየት ይረዳል። ያለ ኮንትራስት የሚነሣው ግን በዋናነት ጠጠር ለመፈለግ የሚጠቅም ነው። ሁለቱም «ሲቲ ስካን» ስለተባሉ አንድ አይደሉም። ስለዚህ የትኛው እንደታዘዘ እንጠይቅ። ኮንትራስቱ ኩላሊትን ሊያስቸግር ስለሚችል አስቀድሞ የክሬያቲኒን የደም ምርመራ ያስፈልጋል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ፣ አለርጂ ያለበት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሰው ደግሞ ሳትጠየቅም መናገር አለባት፤ እሱም እንዲሁ።

ማሽኑ የማይችለውም አለ። በፊኛው ግድግዳ ላይ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ የሚያድግ ጠፍጣፋ ካንሰር ሊያመልጠው ይችላል፤ በጣም ትንሽ እብጠትም እንዲሁ። ካንሰሩ የፊኛውን ጡንቻ ዘልቆ እንደሆነ በእርግጠኝነት መለየት ይቸግረዋል፤ የሕክምናው መንገድ የሚለየው ግን በዚሁ ነው። ቁርጡን የሚነግረን ሲስቶስኮፒ፣ ማለትም ያ ቀጭን ካሜራ፣ እና ተቆርጦ ወደ ላብራቶሪ የሚላከው ናሙና ነው።

ስለዚህ አቋሜ ግልጽ ነው፦ ለታማሚ ገንዘብ ስናሰባስብ «ለሲቲ ስካን» ብለን አንሰብስብ፤ ለምርመራው በሙሉ እንሰብስብ። «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚል ወንድም ወይም እህት ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን በአንድ ሥዕል ማቆም አይደለም። የሽንት ምርመራና አልትራሳውንድ በአነስተኛ ዋጋ ይጀመራሉ። ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ካለ፣ የትኛው ይቅደም ብሎ ሐኪሙን ፊት ለፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። የፊኛን ውስጥ ለማየት ካሜራው መቅደም ያለበት ጊዜ ብዙ ነው።

ወጪውም በአንድ ቀን አያልቅም። የፊኛ ካንሰር ከተወገደ በኋላ ተመልሶ የመምጣት ጠባይ አለው። ጡንቻውን ላልነካው ክትትሉ በዋናነት በካሜራ ነው፤ የመጀመሪያው ከቀዶ ሕክምናው ሦስት ወር በኋላ ይደረጋል። ጡንቻውን ለነካው ደግሞ የደረትና የሆድ ሲቲ ስካን በየጊዜው ይደጋገማል። ሲቲ ስካን ጨረር ስላለው ግን «ለማንኛውም እንነሣ» የሚባል ነገር አይደለም። ለአንድ ቀን የሚዋጣ ብዙ ብር ሳይሆን ለዓመት የሚዘልቅ ትንሽ ብር ይበልጥ ያስፈልጋል። ከሥራም የሚወደደው ጥቂት ቢሆንም የሚዘወተረው መሆኑን እናውቃለን።

ማንን እንጠይቅ? መጀመሪያ የሚያጨሱትን፤ ሲጋራ የዚህ በሽታ ዋነኛ መንስኤ ነው። አጎቴ መኪና ሲነዱ ሠላሳ ዓመት አጭሰዋል። በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ ወይም በኩርሙክ በኩል ያደጋችሁ ደግሞ የሽንት ቢልሃርዝያን ታውቁታላችሁ። ለዓመታት ሳይታከም ሲቀር ለፊኛ ካንሰር ይዳርጋል፤ በግብፅ ለረጅም ዘመን የሆነው ይኸው ነው። እናቶቻችንንም አንርሳ። በሽታው በወንዶች ላይ ቢበዛም፣ ሴቶች ላይ ደሙ የወር አበባ ወይም የሽንት ኢንፌክሽን እየተባለ ጊዜ ያልፋል። ደም በሽንት ሁልጊዜ ካንሰር ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ ታይቶ ቢጠፋም፣ ባያምም፣ መመርመር አለበት።

ሐያእ የኢማን ክፍል ነው። ነፍስን ለአደጋ አሳልፎ የሚሰጥ ዝምታ ግን ሐያእ አይደለም። አንዳንድ አባቶች ፊኛቸው ወጥቶ የሽንት ከረጢት ከተደረገላቸው ሶላት የሚቀርባቸው እየመሰላቸው ሕክምናውን ይሸሻሉ። ሽንቱን መቆጣጠር ለማይችል ሰው ሸሪዓው ማቅለያ እንዳለው፣ ለየሶላቱ ወቅት ውዱእ አድርጎ እንደሚሰግድ ዑለማዎቻችን ያስተምራሉ። ይህን ለአባቶቻችን የምንነግራቸው ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት ይሁን።

የአጎቴ ካንሰር ጡንቻው ውስጥ አልገባም ነበር፤ አልሐምዱሊላህ። አሁን በየሦስት ወሩ ይታያሉ፤ ከቀጠሮው በፊት ባለው ሌሊት ሁለታችንም እንቅልፍ የለንም። ያ የጠፋው አንድ ዓመት ምን እንዳደረገ ገና አላወቅንም።

ለዕረፍት ቤት ስትገቡ አባታችሁን ለብቻቸው ሆናችሁ ጠይቋቸው። «ስለ ሌላ ሰው ነው» ካሏችሁም አድምጡ፤ አብራችኋቸውም ሂዱ።