«ቻለው» መድኃኒት አይደለም፦ ኦቲዝም ስላለባቸው አዋቂዎች

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ህጻናት አይደለም፤ ስላደጉት ነው።

በሙቀቱ ወራት አንዲት እናት የ26 ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ቀይሬያለሁ።) «ዶክተርዬ፣ ሆዱን ያመዋል፣ እንቅልፍ የለውም። ድንገት ተነስቶ ይጮኻል፣ ጭንቅላቱን ከግድግዳ ያጋጫል» አሉኝ። ሆዱን መረመርኩ፣ ወባም አየሁ፤ ምንም የለም። የጨጓራ መድኃኒት ሰጥቼ ሸኘኋቸው።

በሌላ ቀን ሲመለሱ ነው ስለ ልጅነቱ የጠየቅኩት። አፍ የፈታው ዘግይቶ ነበር፤ አዲስ አበባም «ኦቲዝም አለበት» ተብሏል። «እሱማ የልጅነት ነገር ነው እናቴ፤ አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል። ቻለው እለዋለሁ፣ አይሰማኝም» አሉኝ። ያን ጊዜ ወደ ልጁ ዞሬ ራሱን ጠየቅኩት፦ «ምንድን ነው የሚከብድህ?» ቆይቶ አንድ ቃል መለሰልኝ፦ «መኪናው።» የሚተኛው የጅቡቲ ከባድ መኪኖች ሌሊቱን ሙሉ ከሚያልፉበት መንገድ ዳር ነበር።

ኦቲዝም በልጅነት አያልቅም። እ.ኤ.አ. በ1943 ሐኪሙ ሊዮ ካነር ስለ 11 ህጻናት ጻፈ። ከእነሱ የመጀመሪያው ዶናልድ ትሪፕሌት ባንክ ሠርቶ፣ መኪና ነድቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በ89 ዓመቱ አረፈ። በአገራችንም ወ/ሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲመሠርቱ ትንንሽ የነበሩ ልጆች ዛሬ አዋቂዎች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ግምቱ ከ127 ሰዎች 1 ሰው ኦቲዝም አለበት ይላል። ስለዚህ አዋሽም አሉ፣ ሰመራም አሉ። ብዙዎቹ ስሙን እንኳ ሳይሰሙ «ቁጡ»፣ «ባለጌ»፣ «ጋኔን ያለበት» እየተባሉ ይኖራሉ።

በውስጣቸው ምን ይሆናል? የብዙዎቻችን አንጎል የማያስፈልገውን ድምፅና ብርሃን ራሱ ያጣራል። ኦቲዝም ባለባቸው ብዙ ሰዎች ግን ይህ ማጣራት በደንብ አይሠራም። ጡሩምባው፣ ጄኔሬተሩ፣ ከ40 ዲግሪ የሚያልፈው ሙቀት፣ ላብ ያጣበቀው ልብስ፣ የሰው ጫጫታ ሁሉም እኩል ይገባል። ጠብ ጠብ እያለ እንስራው ይሞላል። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ብርጭቆውን ከቦታው ሲያነሳበት ይፈሳል። ቤተሰብ የሚያየው ብርጭቆውን ብቻ ነው። አንዳንዱ ይጮኻል፤ ሌላው ጭልጥ ብሎ ዝም ይላል፣ ቃል ማውጣት ያቅተዋል። ሁለቱም ወዶ የሚያደርገው አይደለም። ብዙዎቹ ደግሞ የሚሰማቸውን ስሜት ለይተው መሰየም ይቸግራቸዋል። ጭንቀቱን «ሆዴን» ብለው የሚነግሩን ለዚህ ነው።

«ኑሮ ለማን ቀላል ነው? ሁላችንም ችለን የለ?» የሚሉኝ አሉ። አስም ላለበት ሰው ግን አቧራ ውስጥ አስቀምጠን «ቻለው» አንልም። ኦቲዝም ያለበት አዋቂ ቀኑን ሙሉ ሲችል ነው የሚውለው። ሌላውን ሰው ለመምሰል ስሜቱን ሲደብቅ ይደክማል፤ ድካሙ ወደ ጭንቀትና ድባቴ፣ አንዳንዴም ራስን ወደ ማጥፋት ሐሳብ ይወስደዋል። ስለዚህ የኔ አቋም ግልጽ ነው፦ መቀነስ ያለበት ሸክሙ ነው።

ከሸክሞቹ ሁሉ ከባዱ ያልተነገረ ለውጥ ነው። በአፋር ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ መንገዱ እንዴት እንደሆነ፣ ዝናብና ግጦሽ የት እንዳለ ይነጋገራሉ። ሰው ወደማያውቀው ነገር ዝም ተብሎ አይላክም። ቤት ውስጥ ላለው ልጃችን ግን ይህን እንነፍገዋለን። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ ብዙ ቤተሰብ ቤቱን ለቆ ወጣ። ሁላችንም ደንግጠናል። አልጋው፣ ምግቡና ሰፈሩ በአንድ ቀን ለተለወጠበት ኦቲዝም ላለበት ሰው ግን ድንጋጤው እጥፍ ነው።

ምን እናድርግ?

👉 ዳጉውን ቤት አስገቡት፦ ነገ ማን እንደሚመጣ፣ የት እንደምትሄዱ፣ መቼ እንደምትመለሱ ማታ ንገሩት።

👉 ሲፈነዳ አትክበቡት። አንድ ሰው ብቻ፣ በዝቅተኛ ድምፅ። ራሱን የሚጎዳበትን ነገር አርቁ፤ መብራቱን ቀንሱ፣ ውኃ አቅርቡ፣ ጊዜ ስጡት። ምክሩ ይቆይ። ማሰርና መምታት በፍጹም!

👉 ጸጥ ያለ ጥግ፣ የጆሮ መድፈኛ፣ እርጥብ ጨርቅ ይረዳሉ። ገበያም በማለዳ ወይም ሲበርድ ይሻላል።

👉 ጫትና ብዙ ቡና እንቅልፍና ጭንቀትን ያባብሳሉ።

👉 ኦቲዝም ያለባችሁ ወንድሞችና እህቶች፦ የራሳችሁን ምልክት እወቁ። ጥርስ መንከስ ሊሆን ይችላል፣ ጆሮ መጮህም ሊሆን ይችላል። እንስራው ሳይሞላ ውጡ። «አሁን ከብዶኛል፣ ትንሽ ቆይቼ እመለሳለሁ» ማለት ነውር አይደለም። መናገር ካቃታችሁ ስልክ ላይ ጽፋችሁ አሳዩ።

👉 ጠባዩ ድንገት ከተለወጠ ሐኪም ይየው። የጥርስ፣ የጆሮ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል። «መሞት እፈልጋለሁ» ካለ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት፤ ብቻውን አትተዉት።

ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ የሚሸጥላችሁ ካለ አትግዙ። ጭንቀት፣ ድባቴና እንቅልፍ ማጣት ግን ይታከማሉ።

እኚያ እናት አልጋውን ወደ ጓሮ በኩል አዞሩለት። ማታ ማታም የነገውን ይነግሩታል። ልጁ አሁንም አንዳንድ ቀን ይጮኻል፤ አልዋሻችሁም። ግን ይተኛል፤ ግድግዳውንም ትቶታል። ባለፈው ሲመጡ እናቱ «ቻለው ማለቱን ትቻለሁ እናቴ» አሉኝ። «አሁን የምለው፣ ዛሬ ምን ከበደህ? ነው።»

እናንተም ዛሬ ማታ ጠይቁ። ለሚያስፈልገው ሰው አጋሩልኝ።