የስኳር በሽታና የጨጓራ ቀዶ ጥገና

ሰው ታሞ ሳለ «ራሱ ያመጣው ነው» ተብሎ የሚነቀፍ እንደ ሆነ ደዌው ሁለት ይሆንበታል። በስኳር በሽታ የተያዘ ወፍራም ሰው ከዘመድም ከወዳጅም ዘወትር የሚሰማው «ሆዳምነትህን ተው» የሚል ቃል ነው። መጥኖ መብላት ለማንም ሰው የሚገባ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን የደም ስኳር በሰው ፈቃድ ብቻ የሚገታ አለመሆኑን፥ የሆድ ዕቃም በዚህ ነገር ትልቅ ሥልጣን ያለው መሆኑን የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ሥራ ገልጦታል። ሕዝብ የሚያስተዳድሩ ሹማምንትና ሕዝብ የሚያስተምሩ ካህናት ይህን ጠንቅቀው ቢያውቁ ለብዙ ሕመምተኞች ይጠቅማል ብለን ስለምናምን ከዚህ ቀጥሎ ባጭሩ እናስረዳለን። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ፥ የስኳር በሽታ ሁሉ አንድ አይደለም። ከምግብ የሚገኘው ስኳር ከደም ወደ ሰውነት የሚገባው ቆሽት በሚያመነጨው ኢንሱሊን አማካይነት ነው። በአንደኛው ዓይነት ቆሽቱ ኢንሱሊን ማመንጨቱን ያቆማል። በሁለተኛው ዓይነት ግን ኢንሱሊኑ ሳለ ሰውነት አልታዘዘው ይላል፤ ቆሽቱም እየደከመ ይሄዳል። ውፍረት የሚያባብሰው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ የምንናገርለትም ቀዶ ጥገና የሚረዳው ይህንኑ ነው።

በ1966 በአሜሪካ በኢዮዋ ዩኒቨርሲቲ ዶክቶር ኤድዋርድ ሜሰን የጨጓራን ላይኛ ክፍል ለይቶ ከቀጭኑ አንጀት ጋር የሚያገናኝ ቀዶ ጥገና ጀመሩ። የታሰበው ውፍረትን ለመቀነስ ነበር፤ ነገር ግን ያልታሰበ ፍሬ ተገኘበት። በ1995 በሰሜን ካሮላይና በግሪንቪል ከተማ የሚሠሩት ዶክቶር ዋልተር ፖሪስና ባልደረቦቻቸው ባወጡት ጽሑፍ፥ ይህ ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው 146 የስኳር ሕመምተኞች መካከል የ121ዱ የደም ስኳር ወደ ጤናማው ልክ ተመልሶ መቆየቱን አስታወቁ። ይልቁንም የሚያስደንቀው፥ ሰውነቱ ገና ሳይከሳ ስኳሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ መውረዱ ነው። ከምክንያቶቹም አንዱ፥ ምግቡ ፈጥኖ ወደ ታችኛው አንጀት ሲደርስ ቆሽትን የሚያነቃቃው ጂ.ኤል.ፒ. 1 የሚባለው ሆርሞን በብዛት መመንጨቱ ነው። የዚህን ሆርሞን ሥራ የሚሠሩ መድኃኒቶችም ዛሬ በሐኪሞች እጅ ይገኛሉ።

ይህ ሁሉ የአንድ ሐኪም ምስክርነት ብቻ ሆኖ አልቀረም። በክሊቭላንድ ከተማ 150 ሕመምተኞች በዕጣ በሦስት ተከፍለው፥ አንደኛው ክፍል መድኃኒት ብቻ፥ ሁለቱ ክፍሎች ግን ከመድኃኒቱ ጋር ሁለት ዓይነት ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። በ2017 በተገለጠው የአምስት ዓመት ውጤት፥ የታሰበውን የስኳር ልክ ያገኙት መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት ከመቶ 5፥ አንጀታቸው ከተቀጠለላቸው ከመቶ 29፥ ጨጓራቸው ብቻ ከጠበበላቸው ከመቶ 23 ናቸው። በስዊድን አገር ደግሞ ረዥም ጊዜ በተደረገው ክትትል፥ ከቀዶ ጥገናው ሁለት ዓመት በኋላ ከመቶ 72 ያህሉ ከበሽታው ዐርፈው ሲገኙ፥ በአሥራ አምስተኛው ዓመት ግን 30 ያህል ብቻ ሆነዋል።

ከነዚህ ቁጥሮች ሁለት እውነት እናገኛለን። ቀዶ ጥገናው ከመድኃኒት ብቻ ይበልጣል፤ ሆኖም የሚሰጠው ዕረፍት እንጂ ፍጹም ፈውስ አይደለም። የዕረፍቱም ዘመን ከንቱ አይደለም፤ በዚያው በስዊድን ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ሰዎች ስኳር በዓይንና በኩላሊት ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቁን ተጠብቀዋል።

ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። መድማትና የተሰፋው ስፍራ ማፍሰስ ሊያጋጥም ይችላል፤ ሞትም ጥቂት ቢሆን ፈጽሞ የለም አይባልም። ሕመምተኛው ቫይታሚን ቢ 12፥ ብረትና ካልሲየም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ መውሰድ አለበት። አንጀቱ የተቀጠለለት ሰው የጠጣው መጠጥ ፈጥኖ ወደ ደሙ ስለሚገባ ከጠጅና ከአረቄ ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

ደግሞም ለሁሉ የሚሆን አይደለም። በ2016 የወጣው የዓለም ሐኪሞች መመሪያ የሰውን ክብደት በኪሎ ወስዶ በቁመቱ ሜትር ሁለት ጊዜ ያካፍላል። የተገኘው ቁጥር 40 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን፥ ወይም ከ35 በላይ ሆኖ ስኳሩ በመድኃኒት አልገታ ሲል ቀዶ ጥገናውን ይመክራል፤ ከ30 በላይ ሆኖ ስኳሩ ካልተገታም ሊታሰብበት ይፈቅዳል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 101 ኪሎ ሲመዝን ቁጥሩ 35 ነው። በአገራችን ግን በጎንደር አካባቢ የሠሩ ሐኪሞች እንደ መዘገቡት፥ ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕመምተኞች ብዙዎቹ ቀጫጮች ናቸው። የእነዚህ መድኃኒት ኢንሱሊን ነው እንጂ የሐኪም ቢላዋ አይደለም። የኢንሱሊን አቅርቦት ሳይሟላ ስለ ቀዶ ጥገና ብቻ መናገር ቅደም ተከተሉን ማፋለስ ነው።

ስለዚህ የጤና ጉዳይ የተሰጣቸው ሹማምንት «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለውን የአባቶች ቃል እንዲያስቡ እናሳስባለን። ይኸውም ቀዶ ጥገናው በሚደረግበት ስፍራ ሁሉ አስቀድሞ የደም ምርመራው፥ የቫይታሚኑ አቅርቦትና በየጊዜው የሚከታተል ሐኪም መሟላት አለበት ማለታችን ነው። በውጭ አገር ተቀድዶ የሚመለስ ሰውም የሕክምና ወረቀቱን ይዞ መጥቶ የሚቀበለው ክሊኒክ ሊያገኝ ይገባል። ተከታታይ የሌለው ቀዶ ጥገና ጠባቂ እንደሌለው አዝመራ ነው።

የንስሐ አባቶችም ድርሻ አላቸው። ቫይታሚን ቢ 12 የሚገኘው ከሥጋ፥ ከወተትና ከእንቁላል ስለሆነ፥ እንዲህ ያለ ሰው መድኃኒቱን ትቶ ረዥሙን ጾም ቢጾም ደሙና ጅማቱ ይጎዳል። ሊጾም የሚጠይቃቸውን ሕመምተኛ አስቀድመው ሐኪሙን እንዲያማክር ቢያዝዙት ነፍሱንም ሥጋውንም ጠበቁለት ማለት ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ሰው ግን በሽታውን የሚደብቀው ነቀፌታን ፈርቶ ነው። እንግዲህ «ሆዳም» የሚለው ስድብ ይቅርና ሕመምተኛው ሳያፍር ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ቢላዋ የሚያስፈልገውንና የማያስፈልገውን የሚለየው ምርመራ ነው እንጂ የጎረቤት ፍርድ አይደለም።