ሁለት እርምጃ ወደፊት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከአዳማ የሰፈር ሜዳዎች በአንዱ፣ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ሁለት የፕሮጀክት ቡድኖች ሲጫወቱ አንድ ትንሽ በረኛ ፍጹም ቅጣት ምት አዳነ። ጓደኞቹ ሮጠው እላዩ ላይ ተከመሩ። ዳኛው ግን ፊሽካውን ነፋ፤ ምቱ እንዲደገም አዘዘ፤ ለልጁም ቢጫ ካርድ አሳየው። የተደገመው ምት ገባ። ቀጥሎ የሆነውን የዚህ ዓምድ ደንበኞች ሳይነገራቸው ያውቁታል፤ የሜዳው ዳር በአዋቂ ጩኸት ተናወጠ። «ሌባ!» ያለ አባት ነበር። ልጆቹን ከሜዳ እንዲወጡ የጠራ አሰልጣኝም ነበር። በረኛው ማልያውን ዓይኑ ላይ አድርጎ አለቀሰ።

ዳኛው ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። ምቱን ማስደገሙ ትክክል ነበር። በረኛው ኳሷ ሳትመታ ከመስመሩ ሁለት ሙሉ እርምጃ ወጥቷል። የእግር ኳስ ሕግ ቁጥር 14 እንደሚለው፣ ኳሷ በምትመታበት ቅጽበት ከበረኛው ሁለት እግሮች ቢያንስ የአንዱ ጥቂት ክፍል የግብ መስመሩን መንካት፣ ከመስመሩ ትይዩ ወይም ከኋላው መሆን አለበት። ወጥቶ ካዳነ ይደገማል።

ቢጫው ግን ስህተት ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2020 ወዲህ በረኛ እንዲህ ያለ ጥፋት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈጽም በቃል ብቻ ይገሠጻል፤ ካርድ የሚወጣው ሲደግም ነው። ያ ሁሉ ሰው ሲጮህ ስለ ካርዱ አንድ ቃል የተናገረ አልነበረም። ጩኸቱ በሙሉ የወረደው ዳኛው ትክክል በሠራው ላይ ነው፤ ልጁ በእርግጥ የተበደለባትን ነገር ያየለት ሰው አልተገኘም።

አዋቂው ሕጉን የተማረው በጆሮው ነው። ቃላቱ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ማኖ፣ ሪጎሬ፣ ካልቾ፣ ታኬታ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ማኖማ ከሜዳ ወጥታ ከተማ ገብታለች፤ አንዱ ሌላውን ሲያሳስት «ማኖ አስነካው» ይባላል። ቃሉ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የሕጉ ጽሑፍ አብሮ አልተላለፈም። ስለዚህ እጅ የነካች ኳስ ሁሉ ማኖ ትመስላለች። ሕጉ የሚጠይቀው ግን ተጫዋቹ ሆን ብሎ መንካቱን፣ ወይም እጁን ያለ ተፈጥሯዊ ምክንያት ዘርግቶ ሰውነቱን ማስፋቱን ነው። የቅዳሜውን ምት ያሰጠችው ማኖ ግን አላከራከረችም፤ የተከላካዩ እጅ ከትከሻው በላይ ነበር።

መቺውም የራሱ ግዴታ አለበት። እየሮጠ ሳለ ቢያዘገም ወይም ቢያታልል ይፈቀድለታል፤ ሩጫውን ጨርሶ ኳሷ ጋ ከደረሰ በኋላ የመምታት ማታለያ ቢያሳይ ግን ቢጫ ያያል፣ ምቱም ይቀርበታል። ኳሷ ቋሚውን ገጭታ ብትመለስለት ሌላ ተጫዋች ሳይነካት ሊደግማት አይችልም። መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በሻምፒዮንስ ሊግ የመለያ ምት የአትሌቲኮው ሁሊያን አልቫሬዝ ተንሸራትቶ ኳሷን በሁለቱም እግሩ በመንካቱ ግቡ ተሰርዞበት ቡድኑ በሪያል ማድሪድ ተሸነፈ። ከሦስት ወር ያህል በኋላ ሕግ አውጪው ቦርድ፣ ሳይታሰብ ሁለቴ ተነክታ የገባች ኳስ እንድትደገም ወሰነ። ሕጉ እንዲህ በየጊዜው ሲታደስ የሜዳ ዳሩ አዋቂ በልጅነቱ የሰማውን ይዞ ይጮሃል።

«ልጆች ናቸው፣ ይለፍ» የሚሉም አሉ። መቺውም እኮ ልጅ ነው። ለአንዱ ልጅ ሲታለፍ በሌላው ላይ ነው የሚታለፈው።

ፍጹም ቅጣት ምትን ያመነጨው ራሱ በረኛ መሆኑን ያ ልጅ ቢያውቅ ይገረም ነበር። ዊልያም መክረም ይባላል፤ በአየርላንድ የሚልፎርድ መንደር ሰው ነው። ሐሳቡ ሕግ ሆኖ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1891 ነበር። በዚያ ዘመን በረኛው ከመስመሩ እስከ አምስት ሜትር ተኩል ድረስ ወደፊት መውጣት ይችል ነበር፤ መስመሩ ላይ እንዲቆም የታዘዘው ከዓመታት በኋላ ነው። የአዳማው ልጅ ሁለት እርምጃ ያን ጊዜ ቢሆን ጥፋት አይባልም ነበር።

ዳኛውንም ቢሆን ማን አስተማረው? በአገራችን ካፈራናቸው ዳኞች ከፍ ያለ ስም ያለው ባምላክ ተሰማ፣ ጥር 25 ቀን 2014 ዓ.ም. በካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ቡርኪና ፋሶንና ሴኔጋልን ሲዳኝ በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ ለሴኔጋል ሁለት ጊዜ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጥቶ፣ በቪዲዮ ረዳት ዳኞች አማካይነት ሁለቱንም ሽሯል። እሱን ያረመው ቴክኖሎጂ ነው። የሰፈሩን ዳኛ የሚያርመው ስድብ ብቻ ነው፤ ስድብ ደግሞ ሕግ አያስተምርም።

የዚህ ዓምድ የቆየ አቤቱታ፣ ሜዳው በገመድ ይለካ፣ በኖራ ይሰመር የሚለው፣ እዚህ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ቅዳሜ ዕለት የፍጹም ቅጣት ምቷን ነጥብ ዳኛው በእርምጃ ለክቶ በተረከዙ ቆፈራት። ሕጉ የሚለው 11 ሜትር ነው፤ ረጅም ዳኛ ሲራመድ ይረዝማል፣ አጭር ሲራመድ ያጥራል። የአንድ ገመድ ቁራጭ ዋጋ ስንት ነው? ግቡስ? 7.32 ሜትር ስፋትና 2.44 ሜትር ከፍታ ያለው የአዋቂ ግብ የ12 ዓመት ልጅ ቢዘል የማይደርስበት ነው። ለታዳጊዎች የሜዳውንና የግቡን ልክ፣ የኳሱንም ክብደት ማስተካከል በሕጉ የተፈቀደ ነው። በእንግሊዝ ዘጠኝ ለዘጠኝ የሚጫወቱ ልጆች በ4.88 ሜትር ግብ፣ ከስምንት ሜትር ገደማ ርቀት ይመታሉ። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባሉ ሜዳዎች ይህን ለማድረግ አራት እንጨትና አንድ ከረጢት ኖራ ይበቃል።

የበረኛ ቦታ ለአዋቂም ይከብዳል። ጥር 21 ቀን 2005 ዓ.ም. ሩስተንበርግ ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ከናይጄሪያ ጋር ስንጫወት በረኛችን ሲሳይ ባንጫ በቀይ ወጥቶ፣ ቅያሪም አልቆብን፣ አማካዩ አዲስ ሕንጻ ጓንት አጥልቆ ቪክተር ሞሰስ ፊት ቆመ። ሞሰስ የዕለቱን ሁለተኛ ፍጹም ቅጣት ምት አገባ። ያን ቀን ቴሌቪዥን ፊት የነበረ ሰው አዲስን አልሰደበም፤ አንጀቱ ነው የተላወሰለት። ለአንድ ትልቅ ሰው የተላወሰ አንጀት ቅዳሜ ለልጁ የት ሄደ?

ጨዋታው አልቆ ሰው ሲበተን ዳኛው ልጁን ጠራው። «ና እስቲ፣ የኔ ጌታ» አለውና መስመሩ ላይ አቆመው። የራሱን ጫማ መስመሩ ላይ አድርጎ አንዱን እግር ትቶ በሌላው እንዴት መፈናጠር እንደሚቻል አሳየው። ልጁ በግራው ሞከረ፤ ከዚያ በቀኙ። ዳኛው ኳሷን ነጥቧ ላይ ሲያስቀምጣት የአዳማ ነፋስ አንከባለላት። ልጁ ሮጦ አመጣት፤ በሁለት እጁ ጉድጓዷ ውስጥ ጫን አድርጎ አስቀመጣትና ወደ መስመሩ ተመለሰ።