ከምርምር ወንበር የወረደ ሁሉ ወድቋልን?

ባለፈው ክረምት ከአገር ልጆች ጋር ተሰብስበን ስንጫወት የአንድ ጓደኛችን ነገር ተነሣ። ይህ ሰው በባዮኬሚስትሪ የዶክተርነት ማዕርጉን ተቀብሎ፣ ሦስት ዓመትም በጊዜያዊ ተመራማሪነት ከሠራ በኋላ፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተቀጠረ። የሌሎችን ምርምር ያግዛል፤ የራሱን ግን ትቷል። «ያን ሁሉ ተምሮ የመኪና ዘበኛ ሆኖ ቀረ!» አለ አንዱ። ሳቅን። እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርሁ። ዛሬ ይህን የምጽፈው በዚያ ሳቅ ስላፈርሁ ነው፤ ደግሞም ራሴ በዚያው መንታ መንገድ ላይ ስለ ቆምሁ ነው።

በእኛ ልማድ የትምህርት መሰላል አንድ ብቻ ነው፤ ጫፉ የደረሰ ሊቅ ይባላል፣ ያልደረሰ ወድቋል። በእጁ የሚሠራውን ሰው ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ፋቂ እያልን ስንንቅ የኖርን ሰዎች ንቀቱን በሻንጣችን ይዘን ባሕር ተሻግረናል። ላቦራቶሪ ገብተን እንኳ ጽሑፍ የሚያሳትመውን ስናከብር፣ መሣሪያውን የሚያቃናውን ሰው ስሙን አንጠይቅም።

የሳይንስ ታሪክ የሚመሰክረው ግን ሌላ ነው (ዘመኑን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። በ1881 ዋልተር ሄሰ የተባለ ሐኪም ከሮበርት ኮኽ ጋር ሲሠራ፣ ባክቴሪያ የሚያሳድግበት ጄላቲን በሙቀት እየቀለጠ አስቸገረው። መፍትሔውን ያገኘችው በሥራው ትረዳው የነበረችው ሚስቱ ፋኒ ናት፤ በወጥ ቤትዋ ጣፋጭ የምታረጋበትን፣ ከባሕር አረም የሚወጣውን አጋር አመለከተችው። ኮኽ በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን ሲያስታውቅ አጋርን ጠቀሰ፤ የእርስዋን ስም ግን አልጠቀሰም። በ1887 ደግሞ የኮኽ ረዳት ዩሊየስ ፔትሪ ያንን ባለ ክዳን ሳሕን አወጣ። ዛሬ አጋርና የፔትሪ ሳሕን የሌሉበት የባክቴሪያ ላቦራቶሪ ከወዴት ይገኛል?

በጄኔቭ አጠገብ ባለው በሰርን ሲሞን ቫን ደር ሜር የሚባል መሐንዲስ ነበረ። ሥራው የፊዚክስ ሊቃውንት የሚጠቀሙበትን መሣሪያ ማሻሻል ነበር። እርሱ የቀየሰው ዘዴ ባይኖር ኖሮ በ1983 የተገኙት ደብልዩና ዜድ የተባሉት ቅንጣቶች ያን ጊዜ ባልታዩም ነበር። በ1984 የኖቤልን ሽልማት ከካርሎ ሩቢያ ጋር ተካፈለ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በ2000 በዲኪካ ያገኘው የሕፃን አፅም ለዓለም የተነገረው በ2006 ነው። በመካከሉ ያለፉት ዓመታት አፅሙን ከያዘው ድንጋይ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ቅንጣት በቅንጣት በማላቀቅ ያለቁ ናቸው። ያ ትዕግሥት ባይኖር የቀረው ግኝት ሳይሆን ድንጋይ ብቻ በሆነ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዕረፍት አገር ቤት ገብቼ አንድ ዩኒቨርሲቲ ጎበኘሁ። በእርዳታ የመጣ ውድ መሣሪያ ጨርቅ ለብሶ ቆሟል። ምን እንደ ሆነ ብጠይቅ «ባለሙያው ከውጭ እስኪመጣ ነው» አሉኝ። የተበላሸው የአየር መምጠጫው ፓምፕ ነበር። ተማሪዎቹ የመሣሪያውን አሠራር ከመጽሐፍ ሥዕል ያጠናሉ፤ አንዲት ተመራማሪም ናሙናዋን ባሕር ማዶ ልካ ውጤቱን ለወራት ትጠብቃለች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። በዚያ ቤት የጎደለው ዶክተር አልነበረም፤ ፓምፑን ፈትቶ የሚገጥም፣ ናሙናውንም የሚያውቅ ሰው ነው።

የዚህን ሥራ ጉድለት አልሸሽግም። የድጋፍ ሠራተኛው ስም ከጽሑፉ ራስጌ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ የዕድገቱም ደረጃ አጭር ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ይህ ነው፤ ጥያቄውን የሚመርጠው ሌላው ነው። ሁላችንም መሣሪያ ጠባቂ ከሆንን የአገራችንን በሽታ፣ የአገራችንን አፈር ማን ይጠይቅ? ይህን ክርክር አከብራለሁ። ዳሩ ግን ጥያቄ ያለ መሣሪያ ምኞት ነው። ደግሞም መሣሪያውን በሚገባ የሚመራው ራሱ ተመራማሪ የነበረ ሰው ነው፤ የተማሪውን ችግር ከአፉ ሳይወጣ ያውቀዋልና። ስለዚህ የተማረው ትምህርት አልባከነም።

እንግዲህ በውጭ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ መሣሪያውን ቁልፉን ተጭናችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ጠጋኙ ሲከፍተው አጠገቡ ቁሙ፣ ጠይቁ፣ እጃችሁን ዘይት ይንካው። በአገር ቤት ያላችሁም የዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ ለዚህ ሙያ ደመወዝና የዕድገት ደረጃ አብጁለት፤ በምታሳትሙትም ጽሑፍ ስሙን አትርሱት። ሙያተኛው የሚሸሸው ሥራው ከብዶት ሳይሆን ክብር አጥቶ ነውና።

እኔ ማመልከቻዬን አስገብቻለሁ። አባቴ ይህን በስልክ ሲሰማ ጥቂት ዝም አለና «ታዲያ ዶክተር መባልህ ሊቀር ነው?» አለኝ። «አይቀርም አባባ፤ የሚቀረው በጨርቅ የተሸፈነው መኪና ነው» አልሁት። አላመነኝም። ይህን የማሳምነው በቃል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አገሬ ገብቼ ያንን ጨርቅ የገለጥሁ ቀን ነው። እስከዚያው የሚስቅ ይሳቅ።