የነዳጅ መኪና መግቢያው ከተዘጋ ወዲህ፦ የሳጉሬ አባወራ ከአሮጌው ገበያ ምን ይመርጣል?

የስንዴውና የገብሱ አዝመራ ተወቅቶ፣ ትርፉ ገበያ ወጥቶ ገንዘቡ እጅ ሲገባ፣ የጥር ወር በአርሲ ደጋ የሠርግ ብቻ ሳይሆን የግዢም ወቅት ይሆናል። ቆርቆሮ የሚያወርድ አለ፤ በሬ የሚለውጥ አለ። በዲገሉና ጢጆ ወረዳ መቀመጫ በሳጉሬ ከተማ ደግሞ ከእነዚህ መካከል መኪና የሚያፈላልግ አባወራ አይታጣም። ምክንያቱ ቅንጦት አይደለም። ልጆች በዝተዋል፤ ትልልቆቹ ለትምህርት አሰላ ይመላለሳሉ፤ አረጋውያን ወላጆች ሆስፒታል መድረስ አለባቸው፤ ከሳጉሬ እስከ አሰላ ያለው ከሃያ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ በሚኒባስ ወረፋና በሰው ቸርነት ብቻ የሚገፋ አልሆነም።

አሁን ግን ይህ አባወራ የሚገባበት ገበያ ከ2016 ዓ.ም. በፊት የነበረው አይደለም። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶክተር ዓለሙ ስሜ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ይፋ አደረጉ። አገሪቱ ለነዳጅ ግዢ በየዓመቱ የምታወጣው የውጭ ምንዛሪ ቢሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር በመሆኑ ውሳኔው ከመንግሥት ወገን በቂ ምክንያት ነበረው። ለገዢው ያስከተለው ነገር ግን ግልጽ ነው፦ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ቁጥር ከእንግዲህ በአገር ውስጥ ባለው ተወስኗል። የሚያረጅ እንጂ የሚተካ የለም።

የዚህ ገበያ መጥበብ የተጀመረው ከዚያም በፊት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ሞተራቸው እስከ 1,300 ሲሲ የሆኑ አዳዲስ መኪኖችን ታክስ ከ30 በመቶ ወደ 5 በመቶ ሲያወርድ፣ ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገሉትን እስከ 500 በመቶ በሚደርስ ታክስ አሸክሟቸዋል። ከዱባይ በገፍ ይገቡ የነበሩት አሮጌ ቶዮታዎች የተመናመኑት ከዚያ ወዲህ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በባንኮች 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በ2017 ዓ.ም. ከ120 ብር አልፎ ነበር። መኪናው አሮጌ ቢሆንም መለዋወጫው የሚመጣው በዶላር ነው፤ ኩሽኔታም ሆነ አሞርዛተር፣ ጎማም ሆነ ባትሪ አዲሱን ተመን ይከተላል።

ከእነዚህ ሦስት ውሳኔዎች የተወለደ አንድ እምነት በደላላውም በገዢውም አፍ ይሰማል። «መኪና አይከስርም» ይባላል። ብር ሲረክስ መኪናው ዋጋውን ይዞ ይቆያል፣ እንዲያውም ይጨምራል ለማለት ነው። እስከ ዛሬ በአብዛኛው እውነት ሆኖ ታይቷል። ሆኖም ዋጋውን የያዘው የመኪናው ብረት አይደለም፤ የመንግሥት ውሳኔ ነው። ውሳኔ ሊለወጥ ይችላል፤ ባይለወጥም ከቻይና የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ሲሄዱ የከተማው ገዢ ወደዚያ ያዘነብላል። የአዲስ አበባ ነጋዴ እንዲህ ያለውን ለውጥ በወራት ውስጥ ሰምቶ መኪናውን ሊያሻግር ይችላል። የሳጉሬ ገበሬ የሚሰማው ምናልባት የመጨረሻው ሆኖ ነው። ስለዚህ ለመንዳት የሚገዛ ሰው ለማትረፍ የሚገዛ ሰው የሚከፍለውን ዋጋ መክፈል የለበትም፤ የአንድ ዓመት አዝመራ በመኪና መልክ ደጅ ላይ ሊቆም የሚገባው ቤተሰቡን በእርግጥ ካገለገለ ብቻ ነው።

ማገልገሉን ለመመዘን መጀመሪያ ሰው መቁጠር ያስፈልጋል። በገበያው እጅግ ተፈላጊ የሆነችው ቪትዝ አምስት ሰው እንድትጭን ተመዝግባለች፤ ሦስት ጎልማሶች ከኋላ ከተቀመጡ ግን ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ነው። እናት፣ አባት፣ አራት ልጆችና አንዲት አያት ላሉበት ቤት ይህች መኪና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትርፍ ጫኝ ናት። ያሪስም ሆነች ኮሮላ ስፋት ይጨምራሉ እንጂ መቀመጫ አይጨምሩም። ሰባት ሰው የሚይዙት እንደ ቶዮታ አቫንዛና ሱዙኪ ኤርቲጋ ያሉት በቁጥር ጥቂት ናቸው፤ ሲገኙም ባለቤቶቻቸው ይህንኑ ስለሚያውቁ አይለግሱም። ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ለገበሬው ዓይን ይማርካል፤ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ይጭናል፣ ጭቃ አይፈራም። ነገር ግን ጋቢናው የሚይዘው ያንኑ አምስት ሰው ነው፤ የቀሩት ልጆች ከኋላ ጭነቱ ላይ ይቀመጣሉ ማለት ደግሞ ከትራፊክ ፖሊስ ቅጣት የከፋ አደጋን መጥራት ነው። ሁሉንም ልጅ በአንድ ጊዜ ማጓጓዝ የግድ ካልሆነ፣ ትንሽ መኪና ሁለት ጊዜ መመላለሷ ትልቅ መኪና ከመግዛት የሚረክስበት ቤት አለ።

ቀጥሎ የሚመጣው አዲስ አበባ ላይ መኪና የሚያሻሽጥ ደላላ ፈጽሞ የማያነሳው ጉዳይ ነው፦ ከፍታ። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ መንገዱ በሳጉሬ አልፎ ወደ በቆጂ ሲዘልቅ ይበልጥ ከፍ ይላል። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ተርቦ የሌለው ሞተር ወደ ሲልንደሩ የሚስበው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ 2,500 ሜትር ላይ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ሲሠራ 70 የፈረስ ጉልበት የተሰጠው ባለ 1,000 ሲሲ ሞተር በዚህ አገር ከ50 ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ዕድሜ የቀነሰበት ሳይቆጠር። ባዶውን አስፋልት ላይ ይሄዳል። አምስት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ ጭኖ ዳገት ሲጀምር ግን ሹፌሩ ማርሽ ሲያወርድ ይውላል፤ ፍሪሲዮኑም ያልቃል። የድሮዎቹ ዲኤክሶች ችግር ሌላ ነው፤ ካርቡሬተራቸው የአየሩን መሳሳት ስለማያውቅ ለቆላ የተስተካከለውን ቤንዚን ደጋ ላይም ያፈሳል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ይጠለሻል። ኢንጀክሽን ያላቸው ይህን በራሳቸው ያስተካክላሉ። ውኃም በዚህ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ የራዲያተር ክዳኑ ግፊት የማይዝ መኪና ውኃውን በቀላሉ ያፈላል፤ ያልታሰበ ክዳን የቴስታን መጣመም ያህል ወጪ ያስከትላል።

ከጃፓን የመጡት ትናንሽ ቶዮታዎች ሌላም ታሪክ ይዘው ይመጣሉ። ብዙዎቹ የተሠሩት በቀኝ መሪ ነው፤ ኢትዮጵያ ቀኝ መሪ ስለማትቀበል መሪያቸው ወደ ግራ ከተዛወረ በኋላ ነው የገቡት። ሥራው በጥንቃቄ የተሠራላቸው ዓመታት ያገለግላሉ። በችኮላ የተሠራላቸው ደግሞ መሪያቸው ይንገዳገዳል፤ ከዳሽቦርዱ ጋር የተነሳው ኤርባግም ሳይመለስ የቀረባቸው አሉ። ገዢው ዳሽቦርዱ የተቆረጠበትን ቦታ ማየት፣ ቁልፉ ሲዞር የኤርባግ መብራት በርቶ መጥፋቱን ማስተዋል አለበት። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ማመን አያስፈልግም፤ የፍሬን መርገጫው ጎማ አልቆ 60,000 የሚል ቆጣሪ ከተገኘ መርገጫው ነው እውነቱን የሚናገረው።

ነዳጁን በተመለከተ ሒሳቡን በወረቀት መሥራት ይበጃል። መንግሥት ድጎማውን ቀስ በቀስ ማንሳት በጀመረበት በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አንድ ሊትር ቤንዚን 48 ብር ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው፤ በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ከ101 ብር በላይ ሆኖ ነበር። ከሳጉሬ አሰላ ደርሶ መልስ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢታሰብ፣ በሳምንት አምስት ቀን የሚመላለስ ቤተሰብ በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ይነዳል። በሊትር 14 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ትንሽ መኪና ለዚህ በዚያ ዋጋ 7,200 ብር ያህል ትጠጣ ነበር፤ በሊትር ከ8 ኪሎ ሜትር የማያልፍ አሮጌ ባለ አራት ጎማ ጎታች ግን ከ12,600 ብር በላይ ይፈልግ ነበር። ልዩነቱ በዓመት 65,000 ብር ገደማ ነበር። ይህ ማደያው ነዳጅ ሲኖረው ነው፤ ሲጠፋ በፕላስቲክ ጠርሙስ ከመንገድ ዳር የሚሸጠው ዋጋውም ንጽሕናውም በሻጩ ፈቃድ ነው።

ታዲያ ኤሌክትሪኩስ? በ2017 ዓ.ም. ቀረጡ ቀላል ነበር፤ ተገጣጥሞ የሚገባው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ይከፍል ነበር፤ ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ ነበር። ለአርሲ ደጋ የሚስማማ ጠባይም አለው፦ አየር ስለማይስብ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንስበትም፤ ከአሰላ ወደ አዳማ ሲወርድ ደግሞ ቁልቁለቱ ራሱ ባትሪውን በመጠኑ ይሞላለታል። እዚህ ላይ የሚያሠጋው መንገዱ አይደለም። ፈጣን የኃይል መሙያ ጣቢያዎች በአብዛኛው አዲስ አበባ ውስጥ ተሰባስበዋል፤ መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ከተማ ሌሊቱን በቤት መስመር መሙላት ጠዋት ላይ ግማሽ ባትሪ ይዞ መነሳትን ሊያስከትል ይችላል። የባትሪ ጥገና የሚያውቅ ጋራዥ በቅርብ አለመኖሩ ሲታከልበት፣ ሁለተኛ መኪና ለሚጨምር የከተማ ነጋዴ እንጂ በአንዲት መኪና ለሚተዳደር ቤተሰብ ጊዜው ገና ነው ማለት ይቻላል። ሥራው ሳጉሬና አሰላ መካከል ብቻ የተወሰነ መንግሥት ሠራተኛ ከዚህ ፍርድ ውጭ ሊሆን ይችላል።

ከሞተሩ ይልቅ ቤተሰብ የሚያፈርሰው ግን ወረቀቱ ነው። በውክልና ብቻ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ መኪና ሊብሬው ላይ ያለው ሰው ማን እንደሆነ፣ በሕይወት መኖሩም ጭምር፣ ሻጩ ራሱ ላያውቅ ይችላል። ባንክ በብድር መያዣነት ያሳገደው መኪና ይኖራል። ከቀረጥ ነፃ የገባም ይኖራል፤ ይህኛው ቀረጡ ሳይከፈል ወደ ሌላ ሰው ስም አይዛወርም፤ ዋጋው ከሌሎቹ ረክሶ የሚገኘውም ብዙ ጊዜ ስለዚህ ነው። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መመሳከር፣ መዝገቡ ካለበት የትራንስፖርት ቢሮ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት መረጋገጥ፣ ውሉም በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ፊት መፈረም ይኖርበታል። ቀብድ ከዚህ በፊት የሚከፍል ሰው ድርድሩን ጨርሷል። ቦሎውና የሦስተኛ ወገን መድኑ መታደሳቸውም ከዋጋው ጋር የሚታሰብ ነው።

የመጨረሻው ፈተና ወጪው ጥቂት ሆኖ ሳለ ብዙዎች የሚዘሉት ነው። አዲስ አበባ ላይ በቀትር፣ ሞተሩ አስቀድሞ በሞቀበት ሰዓት የታየ መኪና ገና አልታየም። ገዢው የሚያምነውን የአሰላ መካኒክ ይዞ በማለዳ፣ ሞተሩ ሳይነካ ሊያስነሳው ይገባል፤ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እንደሚበላ፣ የማይጠፋ ነጭ ጭስ ውኃ ወደ ሲልንደር እንደሚገባ ይናገራል። ሻጩ ከፈቀደ ደግሞ ሰው ሞልቶ ከአዋሽ መልካሳ ተነስቶ በዴራና በኢተያ አድርጎ እስከ አሰላ መውጣት ነው፤ ስምንት መቶ ሜትር የሚያህለው ያ ዳገት የሙቀት መለኪያውን ካላነሳ፣ ካምቢዮውም ካላጉረመረመ፣ ሳጉሬ ላይ የሚጠብቀውን መንገድ ግማሹን ፈተና አልፏል። የማይፈቅድ ሻጭም አለ። የዚያን ጊዜ ገንዘቡን ይዞ ተመልሶ እስከሚቀጥለው ሳምንት መጠበቅ ይሻላል፤ ከሰኔ በፊት ማዳበሪያ የሚገዛው ያው ገንዘብ ነውና።