ኒቅያ፣ ቲክቶክና ወደ አክሱም የተላከው ደብዳቤ

ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛ እና የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ በርተሎሜዎስ ቱርክ ውስጥ ኢዝኒክ በምትባል ከተማ፣ ሐይቅ ዳር፣ ከአንድ የፈረሰ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አብረው ጸለዩ። ኢዝኒክ የድሮዋ ኒቅያ ናት። በዚያ ጉባኤ ከተደረገ 1700 ዓመት ሞላው። እኛ አገር ደግሞ ከዚያ አሥር ቀን ቀደም ብሎ፣ ኅዳር 9፣ ኦርቶዶክሳውያን ሠለስቱ ምዕትን አስበው ውለዋል። በዚያው ሰሞን እኔ ስልክ ላይ ሌላ ጉባኤ ነበር፤ የቲክቶክ ላይቭ። ርዕሱ ያው ነው፦ እግዚአብሔር አንድም ሦስትም የሚሆነው እንዴት ነው?

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ መሰለኝ መጀመሪያ ዓይኔ የሄደው ገንዘቡ ላይ ነው። ክርክሩ ሲጋጋል ስጦታው ይዘንባል፣ ሲረጋጋ ተመልካቹ ይወጣል። ስለዚህ ተከራካሪው የሚከፈለው ሊያሳምን ሳይሆን ሊያናድድ ነው። ይሄም አዲስ አይምሰላችሁ፤ አርዮስ ራሱ ትምህርቱን በዜማ አዘጋጅቶ ለመርከበኞችና ለወፍጮ ሠራተኞች እንዳሰራጨ የጥንት ጸሐፊዎች ይናገራሉ። እኔን ያሳሰበኝ ከሥር የሚጻፈው አስተያየት ነው። ከየትኛውም ወገን ይሁን ማሳረጊያው አንድ ነው፦ መንግሥት የት ነው ያለው፣ ለምን አያዘጋቸውም?

ክርክሩ ሥራ የፈታ ሰው ወሬ ነው የሚሉ አሉ። አይደለም። የእስክንድርያው ቄስ አርዮስ ሊጠብቅ የፈለገው የእግዚአብሔርን አንድነት ነው፤ መጀመሪያ የሌለው አብ ብቻ ነው፣ ወልድ ከፍጥረት ሁሉ ቢቀድምም የተፈጠረ ነው አለ። አትናቴዎስ ደግሞ (በጉባኤው ጊዜ ገና ዲያቆን ነው) ፍጡር ፍጡርን ማዳን አይችልም ብሎ ተነሣ። ክርስቶስ አምላክ ካልሆነ ክርስቲያኑ የሚሰግደው ለማን ነው? ጉባኤው ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነው ብሎ ወሰነ። ስለ መንፈስ ቅዱስ በሰፊው የተነገረው በኋላ፣ በ381 በቁስጥንጥንያ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሲለይ እነግራችኋለሁ።)

ዛሬ እኛ ጋ “ኦንሊ ጂሰስ” የሚባሉት፣ ራሳቸውን ግን ሐዋርያዊት ብለው የሚጠሩት፣ የአርዮስ ልጆች አይደሉም። እንዲያውም በተቃራኒው ጫፍ ነው ያሉት። ኢየሱስ ፍጹም አምላክ ነው፣ አብ ወልድ መንፈስ ቅዱስ የአንዱ አምላክ መገለጫዎች እንጂ ሦስት አካላት አይደሉም ይላሉ፤ የሚያጠምቁትም በኢየሱስ ስም ነው። ይህ ለኦርቶዶክሱም ለካቶሊኩም ለአብዛኛው ፕሮቴስታንትም ሥላሴን መካድ ነው። ላይቩ ላይ ግን ልዩነቱን የሚያስረዳ ሰው ብዙም አይገኝም፤ ሁሉም እርስ በርሱ “አርዮስ” ይባባላል።

ወደ መንግሥት እንመለስ። ኒቅያን የጠራው ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ነው። ጳጳሳቱ የተጓዙት በመንግሥት የመልእክት ፈረስና ሠረገላ ነው፤ ትራንስፖርትና አበል ተችሎላቸው እንበል። ውሳኔውን አንፈርምም ያሉት ሁለት የሊቢያ ጳጳሳት ከአርዮስ ጋር ተሰደዱ። እስከዚህ ድረስ አሸናፊው ደስ ሊለው ይችላል። ግን አሥር ዓመት ሳይሞላ ንጉሡ አርዮስን መለሰው። በ335 ደግሞ የኒቅያ ጠበቃ የሆነው አትናቴዎስ ከእስክንድርያ ተነቅሎ ዛሬ ጀርመን ውስጥ ወዳለችው ትሪየር ተሰደደ። የተከሰሰበትን ነገር ስሙት፦ ከግብፅ ወደ ቁስጥንጥንያ የሚሄደውን እህል አስቀራለሁ ብሏል ተባለ። አዲሲቱ ዋና ከተማ የምትበላው የግብፅን ስንዴ ነበር። ንጉሡን ያስደነገጠው የወልድ ባሕርይ ሳይሆን የዳቦ ዋጋ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። አትናቴዎስ በአራት ነገሥታት ዘመን አምስት ጊዜ ተሰደደ፤ ሲደመር ወደ 17 ዓመት ነው። ያው መንግሥት፣ ያው ሥልጣን፤ የተለወጠው ዙፋኑ ላይ ያለው ሰው ብቻ።

ታሪኩ እኛንም ይነካል። በ356 ገደማ የቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆንስጣንጥዮስ፣ ወደ አርዮሳውያኑ ያደላው ማለት ነው፣ ለአክሱሞቹ ኢዛናና ሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ፍሬምናጦስን፣ የእኛን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ወደ እስክንድርያ ላኩት፣ በአዲሱ ጳጳስ በጊዮርጊስ ፊት ይመርመር አለ። ምክንያቱም ፍሬምናጦስን የሾመው አትናቴዎስ ነበር። ደብዳቤውን ለታሪክ ያቆየልን አትናቴዎስ ራሱ ነው፣ በመከላከያ ጽሑፉ ውስጥ። ኢዛና ፍሬምናጦስን አሳልፎ እንደሰጠ የሚያሳይ አንድም ማስረጃ የለም። አክሱም ላይ የተገኘ የግሪክኛ ጽሑፉ ደግሞ አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን ይጠራል። ያኔ የዓለም ኃያሉ መንግሥት ትክክለኛው ሃይማኖት ብሎ የጻፈልን የአርዮሳውያኑን ነበር። ዛሬ “መንግሥት ይወስንልን” የሚለው ኦርቶዶክስ ወንድሜ ይቺን ደብዳቤ ቢያስባት ደስ ይለኛል።

በኋላ እኛም በተራችን ሞክረነዋል። ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክ መሆኑን አወጀ፤ አገሩ በዐመፅ ታመሰ፤ በ1632 ሕዝቡ ወደ ቀድሞ እምነቱ እንዲመለስ ፈቅዶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። በ1870 ዓ.ም. (ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው) አፄ ዮሐንስ 4ኛ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠሩ፣ ምኒልክም ነበሩ። ክርክሩ ስለ ክርስቶስ ልደትና ቅባት ሲሆን የሦስት ልደት ትምህርት ተወገዘ። ነገሩ ግን ከሊቃውንቱ ድንኳን አልፎ ሄደ፤ በዚያው ሰሞን የወሎ ሙስሊሞች ተጠመቁ ተባሉ፣ ብዙዎቹም ተሰደዱ።

ቤተ ክርስቲያን ትምህርቷን ለይታ “ይህ የእኛ አይደለም” የማለት ሙሉ መብት አላት። ማውገዝም መብቷ ነው፤ አባል ማድረግና አለማድረግም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ሲል አንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትን ያስቀምጣል። ስድብ፣ ዛቻ፣ የሌላውን ቤተ አምልኮ አቃጥሉ ማለት ወንጀል ነው፤ ፖሊስ ይምጣበት። ስለ አካልና ባሕርይ ግን ፖሊስ ምን ሊያደርግ?

መንግሥት በእውነት የሚፈለግበት ቦታ ሌላ ነው። የዩኒቨርሲቲ ዶርም ጓደኛዬ ቤተሰቦች ሐዋርያዊት ናቸው። አያቱ ያረፉ ጊዜ በመጀመሪያ የተጠየቀው መቃብር የእኛ ምእመን አይደሉም አለ፤ አይፈረድበትም። ቀጥሎ የተጠየቀው የወንጌል አማኞች መቃብር ደግሞ በሥላሴ አያምኑም ብሎ መለሰ። እድሩ ድንኳን ተክሎ፣ ንፍሮ ቀቅሎ፣ ለቀስተኛው ተቀምጦ፣ አስከሬኑ መሄጃ አጣ። በመጨረሻ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ተጭኖ ዘመድ አገር ተቀበረ። ወረዳው ሲጠየቅ የሰጠው መልስ “ከሃይማኖት አባቶች ጋር ተነጋገሩ” የሚል ነበር። አስተያየት መስጫው ላይ መንግሥትን የምንጠራ ከሆነ፣ በየከተማው የማንም እምነት ሳይጠየቅ የሚቀበርበት የማዘጋጃ ቤት መሬት ይከለል ብለን እንጥራው። ስንት ካሬ ሜትር እንደሚፈጅና ከየትኛው በጀት እንደሚወጣ ማስላት ይቻላል።