የደገኛው አጫጅና የቆላው ደዌ

በየዓመቱ ክረምት ሲገባ፣ በጎንደርና በጎጃም ደጋ መሬት የጠበበው ወጣት ለዕለት ሲሳዩና ለዓመት ልብሱ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ ይወርዳል፤ ሐምሌንና ነሐሴን በአረም፣ መስከረምንና ጥቅምትን በአጨዳ አሳልፎም ወደ ቀየው ይመለሳል። ሰሊጥ ከቡና ቀጥሎ ለረዥም ዘመን የውጭ ምንዛሪ ያስገኘልን አዝመራ ነውና፣ ይህ ሰው ባለ ውለታችን ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ሰሊጥ ቀን የማይሰጥ እህል ነው። ደርሶ ሳይታጨድ ከቈየ ፍሬው ተከፍቶ ይረግፋልና፣ ሠራተኛው ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ እስኪመሽ ያጭዳል፤ መኝታውም ከማሳው ዳር፣ ከግራር ሥር ነው። ካላዛር የሚባለውን ደዌ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ደግሞ በዚያው በሚሰነጣጠቀው ጥቍር አፈርና በዚያው ግራር አጠገብ ታድራለች፤ የምትነክሰውም በሌሊት ነው። በደዌው የተያዘ ሰው ለሳምንታት በትኩሳት ይቃጠላል፣ ጣፊያው ያብጣል፣ ሰውነቱ ይመነምናል፤ ካልታከመም ይሞታል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ወራት ቈይቶ የሚገለጥ በመሆኑ፣ ባለ እርሻው ሰሊጡን ሸጦ ከጨረሰ በኋላ፣ አጫጁ በእናቱ ቤት ይተኛል።

በ1997 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር፣ በሊቦ ከምከም፣ ደዌው ቀድሞ ባልታወቀበት አገር ሰው በትኩሳት ያልቅ ጀመር፤ በመጀመሪያም መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነበር። ካላዛር መሆኑ በምርመራ ሲረጋገጥ፣ ለሥራ ወደ ሑመራ ወርደው የተመለሱ ሰዎች ሳያውቁ ይዘውት እንደ መጡ ሊቃውንቱ ገመቱ።

ሕጉስ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያዛል፤ ነገር ግን ሥራው በሚሠራበት አካባቢ የተለመደውን በሽታ፣ ያንኑ በሽታ ለማጥፋት ከተቀጠረ ሠራተኛ በቀር፣ በሥራ ምክንያት እንደ መጣ አይቈጥረውም። ይህ ድንጋጌ ለአካባቢው ተወላጅ ምናልባት ያስኬድ ይሆናል፤ እንጀራ ፍለጋ ባይወርድ ኖሮ ያችን ዝንብ ለማያገኛት ደገኛ ግን፣ ደዌው ከማጭድ ቍስል በምን እንደሚለይ አይገባኝም። ስለዚህ አንቀጹ ለወቅት ሠራተኛ ሊሻሻል ይገባዋል እላለሁ።

እስከዚያው ድረስ ግን የጤና አገልግሎቱ ሰውየውን ተከትሎ ይውረድ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤት ለቤት ትዞራለች፤ አጫጁ ግን በቆላው ቤት የለውም፣ የጤና መድኅን መታወቂያውም ቢሆን የተሰጠው በመኖሪያ ወረዳው ነው። በየእርሻው ሠፈር ለወቅቱ የምትቈም አንዲት የሕክምና ድንኳን፣ መድኃኒት የተነከረ አጎበር፣ የተጣራ ውኃ፣ ወባንና ካላዛርን ከጣት በተወሰደ የደም ጠብታ የሚለይ ፈጣን መመርመሪያ፣ እንዲሁም ሲሰናበት የት እንደ ሠራ የሚገልጽ ካርድ፣ ከአቅም በላይ የሆኑ ነገሮች አይደሉም። ያ ካርድ በደጋው ጤና ጣቢያ ሲታይ፣ ሐኪሙ ሁለት ሳምንት የዘለቀውን ትኩሳት ወባ ብሎ ከማለፉ በፊት ካላዛርን እንዲመረምር ያሳስበዋል። የተለመደው ሕክምና ለ17 ቀናት በየዕለቱ የሚወሰድ መርፌ ነውና፣ ቀድሞ የተደረሰበት ሕሙም ተፈውሶ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ባለ እርሻዎች ሠራተኛው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ መዝግቦ መከታተል አይቻልም ሲሉ ይሰማል። ሒሳብ በሚከፈልበት ቀን ግን የእያንዳንዱ ስምና የሠራው ሥራ ከመዝገቡ ይነበባል፤ እኔ የምጠይቀው በዚያው መዝገብ ላይ የትውልድ ቀበሌውና የምርመራው ውጤት እንዲጨመርበት ነው።